የግድግዳዬ በለስ

ነሐሴ 4

አሥራ አራት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ። አሥራ አራት ፍሬ፣ ትልቁ የአውራ ጣቴን ያህላል። በዘጠኝ ዓመቱ እንዲህ ይዞ አያውቅም። ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ግንበኛ ነኝ፤ ሥራ ስጀምር ልኬቱን ካልጻፍኩ እጄ አይፈታም።

እዚህ ብርድ አገር በለስ አይበስልም ይላሉ። ዛፉ ያድጋል፣ ቅጠሉ እንደ ትሪ ይሰፋል፣ ፍሬም ይይዛል። ልክ ሊበስል ሲል ውርጭ ይመጣና እንደ አረንጓዴነቱ ያረግፈዋል። ስምንት ዓመት እንዲሁ ሆኗል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ፣ ጋሼ ቅጠሉን መቼ ነው የምናጭደው ይለኛል። ለደንበኞቹ ደግሞ "ባለቅጠሉ" ብሎ ስም አውጥቶልኛል አሉ። ይበል።

እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ዛፉ የቆመው በገዛ እጄ በገነባሁት ግድግዳ ሥር ነው። ድንጋዩን አንድ በአንድ መርጬ፣ ጥቁር ጥቁሩን። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል። ዘንድሮ ይበስላል። ምን አለ በሉኝ።

ነሐሴ 9

ልጃችን መጥታ ዋለች። ነርስ ናት፤ እኛንም የምታናግረን በሽተኛ እንደምታስታምም ነው፣ ቀስ ብላ፣ ነገሩን ከፋፍላ። እሷ ቤት አጠገብ የሚለቀቅ ቤት አግኝታለች። ሁለት ክፍል፣ ምድር ላይ ያለ፣ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ያለው። "ደረጃ የለውም አባዬ" አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ። እናቷ ጉልበቷን በቅባት እያሸች ታዳምጣለች።

ይሄን ቤት ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ የሠራሁት እኔ ነኝ። ተዳፋት ላይ ነው፤ መኖሪያው ከላይ፣ ግቢው፣ የመንገዱ በርና የዕቃ ክፍሉ ከታች። መሐንዲሶች ሳይቀሩ መጥተው አይተውታል። ከዚህ አውጥታ ምድር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጠኝ!

ምሳ ላይ ነገሩ ሲደጋገምብኝ ደሜ ፈላ። በለሱ ከበሰለ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የለም፤ ካልበሰለ ግን እኔው ራሴ ዕቃውን ተሸክሜ እወጣለሁ አልኩ። ልጄ ሳቀችና፣ ባለቤቶቹ እስከ ጥቅምት ሃያ ነው የሚጠብቁን ብላ ተነሥታ ወጥ ቤት የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው። በቃሌ ያዘችኝ ማለት ነው። የኔ ልጅ!

ባለቤቴን አንቺስ ምን ትያለሽ አልኳት። "እንግዲህ ዛፉ ይወስናላ" አለች።

ከኔ ጋር ናት።

ነሐሴ 15

የቅርንጫፉን ሁሉ ጫፍ ቀነጠስኩ። ጉልበቱን በቅጠል ማሳመር ትቶ ወደ ፍሬው እንዲልክ ነው። የሚወጣው ነጭ ወተት ክንዴን አሳክኮኝ ዋለ፣ ቀይ ሽፍታ ወጣብኝ። ሁለት ፍሬ ረገፈ። አሥራ ሁለት።

ነሐሴ 22

የደረጃውን ግድግዳ እንደገና ኖራ ቀባሁ። በሰኔ ነበር የቀባሁት። በእጅ ቁመት ልክ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ጠቆር ያለ መስመር አበጅቷል። በተለይ አሥራ አንደኛው ደረጃ ጋ የመዳፍ ቅርጽ ያለው እድፍ አለ። ማን ነው የሚዳብሰው? እኔ ስወጣ ግድግዳ አልይዝም። ባለቤቴን ስጠይቃት "እንጃ" አለችና ወደ ማሰሮዋ ዞረች።

ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው። አንዱ ከአንዱ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ደንቡ አሥራ ሰባት እንደሆነ አጥቼው አይደለም፤ ያኔ ደረጃውን ቀጥ በማድረጌ ሁለት ሜትር መሬት ለግቢው አተረፍኩ። በለሱ የቆመው እዚያው ሁለት ሜትር ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰው አማርሮ አያውቅም።

ቢያማርር ኖሮ እሰማ ነበር።

ጳጉሜን 3

ባለቤቴ ከልጅቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀቻት። መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ብረት እንዳለው ጠየቀች። ከሱቅ ምን ያህል እንደሚርቅም ጠየቀች። ብልህ ሴት ናት፤ እንከኑን እየለቀመች ነው፣ ኋላ ለክርክሩ እንዲመቸን።

መስከረም 6

ብርዱ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ማታ ማታ ዛፉን ብርድ ልብስ አልብሰው ብሎ መከረኝ። እሱ ደግሞ መካሪ! ስገባ ባለቤቴም ያንኑ ደገመችው፤ ሣጥን ውስጥ ያለውን ቡኒውን ወፍራም ብርድ ልብስ ብንጥልበት ምናለበት አለች።

"እኔ በቁሜ እያለሁ ዛፍ ብርድ ልብስ አይለብስም" አልኳት። መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው ወይ? ግድግዳው ምን ሊሠራ ነው የቆመው? ዛፍ ብርዱን ካልለመደ መቼም አይጠነክርም። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። "እሺ፣ እሺ" አለች። ነገር ማብረድ ታውቅበታለች።

መስከረም 11

እሰይ! ያን ዝቅተኛውን ሙቀት ይዞ የሚያድር ቴርሞሜትር ከቅርንጫፉ ላይ አስሬው ነበር። ጠዋት ሳየው ዘጠኝ ዲግሪ። የፀጉር አስተካካዩ ቲማቲም ግን በውርጭ ተቃጥሎ፣ ጠቁሮ አድሯል። በመካከላችን ያለው አጥር ብቻ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሄጄ አጽናናሁት፣ ማጽናናት ከተባለ።

መስከረም 14

ዘግይተው የወጡትን ትንንሾቹን አምስቱን ቆርጬ ጣልኩ። ሆዴ አልቻለም፤ ቢሆንም የማይደርሰውን መሸከም ለዛፉ ድካም ነው። ሰባት ቀረ።

ከዚያ ዘይቱን ጀመርኩ። ይሄን ያስተማረኝ አብሮኝ የሠራ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነው፣ ያገሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት። የበለስ ፍሬ ከታች በኩል እምብርት አለው። ፍሬው ሞልቶ፣ ግን አልበስልም ብሎ ሲቆም፣ በላባ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት እምብርቱ ላይ። ቀድመህ ካደረግከው ይበላሻል፤ ዘግይተህ ካደረግከው ዋጋ የለውም። ዛሬ ለሁለቱ ብቻ አደረግኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ።

መስከረም 19

ባለቤቴ ምን ነካት? ቡኒው ብርድ ልብስ ጠዋት ጠዋት ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሳምንት ሦስቴ ብርድ ልብስ የሚያጥብ ማን አለ? አቧራ ሸተተኝ ትላለች። ጫማዋም በሩ ጋ ጭቃ ነክቶት ነበር። ከበለሱ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ የልብስ መቆንጠጫ አገኘሁ። ነፋሱ ምን የማያመጣው ነገር አለ።

ማታ ራዲዮ እየሰማሁ ሳለሁ ለረጅም ጊዜ ከክፍሉ ወጥታ ቀረች። ስትመለስ ታለከልካለች። ዕድሜ ነው አለችኝ። እኔ ግን ልጅቷ ስለ ጉልበት እያነሣች ነገሩን ልቧ ውስጥ ስላስገባችባት ይመስለኛል። ሰው ታመሃል ሲሉት ያመዋል።

ሐኪም ጋ ልውሰዳት ወይ? ብወስዳት ደግሞ ደረጃ አትውጪ ነው የሚላት።

ከበለሱ በኋላ።

መስከረም 25

ወፍ። አንዱን። ዘይት ከቀባኋቸው ከሁለቱ አንዱን፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ትቶልኛል፣ እንደ ጨዋ። ውስጡ ሮዝ መሆን ጀምሮ ነበር። ሮዝ! መረብ ጣልኩ።

መስከረም 28

ሁለት ተጨማሪ ረገፈ። አራት። የማደርገው ጠፋኝ። ዝናብ።

ጥቅምት 3

ራዲዮኑ ሌሊት አንድ ዲግሪ ገባ አለ። የኔ ቴርሞሜትር ስምንት! ፀጉር አስተካካዩን በመንገዱ በር በኩል ጠርቼ አስገባሁት፤ ቴርሞሜትሩን በዓይኑ በብረቱ እንዲያይ። ግድግዳውን እንዴት እንደገነባሁት፣ ድንጋዩን ከየት እንዳስመጣሁት፣ ሁሉን አስረዳሁት። ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ከላይ በረንዳው ላይ የቆመችውን ባለቤቴን አያት፤ እሷ ፊቷን አዞረች።

"ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ እግር አለው ልበል?" አለኝ።

ቅናት መልኩ ብዙ ነው።

ጥቅምት 9

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

ሊነጋጋ ሲል ውሃ ጠማኝና ነቃሁ። አጠገቤ የለችም። መታጠቢያ ቤት ነች ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ብመለከት ታች፣ በለሱ ጋ ናት። ሹራቧን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ። ዛፉ ቡኒውን ብርድ ልብስ ከአናቱ እስከ ሥሩ ለብሶ ቆሟል። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች በጥርሷ ያዘች። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው፣ አራገፈችው፣ ገመዱ ላይ ሰጣችው። ከዛፉ ሥር በፎጣ የጠቀለለቻቸውን ሦስት ጠርሙሶች አወጣችና ውሃውን ደፋች። ፍል ውሃ ነበር እንግዲህ። ቴርሞሜትሩን አየችና ወደ ቦታው መለሰችው።

ከዚያ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ቀኝ እግሯን ታወጣለች፣ ግራውን ታስከትላለች፣ ትቆማለች። ወደ ጎን ዞራ ነው የምትወጣው። እጇ ግድግዳው ላይ ነው። ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣ ግንባሯን በክንዷ ደግፋ ቆየች።

አልጋው ውስጥ ተመልሼ ገባሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀስ ብላ ገብታ አጠገቤ ተኛች። እግሯ በረዶ ነው። እኔ የተኛሁ መስዬ አንኮራፋሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ለስንት ሳምንት ነው ይሄ? መስከረም ስድስት ነው "በቁሜ እያለሁ" ያልኳት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለዛፉ ብቻ። አሥራ ዘጠኝ ወርዶ አሥራ ዘጠኝ መውጣት። እኔ ደግሞ ጎረቤት እየጠራሁ ስለ ድንጋይ አስረዳለሁ።

ጥቅምት 10

ሥራ አልሠራሁም። ደረጃውን በሜትር ለካሁ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት። አንዱ ሃያ ሦስት።

ጥቅምት 11

ቁርስ ላይ፣ ዓይኔን ሻዩ ላይ ተክዬ፣ ሳስበው ሳስበው ያ ፀጉር አስተካካይ ሳያውቅ የተናገረው ነገር እውነት ሳይኖረው አይቀርም አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ዛፉን ብናለብሰው ይሻላል፣ እኔው ራሴ አለብሰዋለሁ፣ ጠዋትም እኔ እገፈዋለሁ፣ ብርድ ልብስ ነገር ካለሽ ስጪኝ።

ባለቤቴ ሳቋን ያዘችው። "ደግ አሰብክ" አለች። "ፍል ውሃም በጠርሙስ ብታደርግለት አይከፋም። ጎረቤት ቢስቅብህስ?"

ይሳቅ አልኩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ይህን ቃል ከአፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውጣቴ ነው።

ጥቅምት 13

ማታ አለበስኩ፣ ጠዋት ገፈፍኩ። ስመለስ ሆን ብዬ እንደሷ ቀስ ብዬ ወጣሁ። አሥራ አንደኛው ላይ የኔም ትንፋሽ ቆመ። እጄን ስዘረጋ መዳፌ እድፉ ላይ አረፈ። በነሐሴ ኖራ የቀባሁት ነው፤ ተመልሶ መጥቷል። አልቀባውም።

ትናንት ባለቤቴ በስልክ ለልጅቷ የምትላትን ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ሌባ መሰልኩ። "እኔስ ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ ልቤ እዚያ ነው" አለቻት። "የኔ ጉልበት ግን ኋላ ይደርሳል። አባትሽ ተሸንፎ ከዚህ ከወጣ ቀና ብሎ አይሄድም። ይብሰልለት።"

አንድ ረግፎ ዛፉ ላይ ሦስት ቀርቷል። አንደኛው ቀለሙን እየቀየረ ነው።

እየበሰለልኝ ነው። ያሰብኩት ሁሉ እየሆነ ነው። ለምን ደስ እንደማይለኝ ደብተሩ ያውቃል።

ጥቅምት 17

በሰለ።

አንገቱ ዘንበል ብሏል። ቆዳው ሦስት ቦታ ሰንጠቅ ብሎ ነጭ መስመር አውጥቷል። እምብርቱ ላይ አንዲት ጠብታ ማር። ስነካው እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። ሳልጎትተው እጄ ላይ መጣ። ዘጠኝ ዓመት! እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ አፈር! እንባዬ መጣ፤ አላብሰውም ብዬ ተውኩት፣ ማንም የለም።

በመዳፌ ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊቷ ያለውን ትሪ ገፋ አድርጌ አስቀመጥኩላት። ጣቷን ዘርግታ ነካችው፤ ስታቅፈው የከረመችው እሷ ናትና እንደ ዘመድ ነው የነካችው።

"ደውልላታ" አለች። "ረታህ እኮ። ፎቶ አንሣውና ላክላት። ያን ፀጉር አስተካካይም ጥራው።"

"መጀመሪያ ብዪው" አልኳት።

"ኧረ ምስክር ሳያየው!"

"ብዪ አልኩሽ።"

ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ቀይ፣ የሚያበራ ቀይ። ትልቁን ለኔ ሰጠችኝ፣ እኔ መልሼ ቀየርኩላት። በላን። ስለ ጣዕሙ መጻፍ አልችልም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት ስበላ እንደዚያ ዓይኗን ጨፍና ስትበላ አይቻት አላውቅም። ያን ያህል ልጻፍ።

ከዚያ ተነሥቼ ስልኩን አነሣሁ። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች፣ ደንግጣ አነሣች። "አልበሰለም" አልኳት። ውርጩ ቀደመኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ ለሰዎቹ እሺ በያቸው። ልጄ አባዬ ደህና ነህ አለችኝ፣ በዚያች በሽተኛ በምታስታምምበት ድምጿ። ደህና ነኝ አልኳት። እውነቴን ነው።

ዘወር ስል ባለቤቴ ቆማለች። መጥታ በአውራ ጣቷ ጢሜ ላይ የቀረውን ፍሬ ጠረገችልኝ።

"ውሸታም" አለችኝ።

ጥቅምት 22

ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። "ጋሼ፣ ዘንድሮም ቅጠል?"

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀለሙን፣ ማሩን፣ ስንጥቁን። ዋጥኩት። ከዋጥኳቸው ነገሮች ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

"ዘንድሮም ቅጠል" አልኩት።

አየኝ። ወደ ላይ ወደ ባለቤቴም አየ። ይሄ ሰው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ስንቱን ሲያይ እንደከረመ እግዜር ይወቀው። ቆቡን አውልቆ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ባለቅጠሉ ማለቱን ግን ዛሬ ተወው።

የቀሩት ሁለቱ ፍሬዎች ሳይበስሉ ረገፉ። ከዛፉ አራት ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጬ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጌአለሁ። የአዲሱ ቤት በረንዳ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፤ ባለቤቴ በጳጉሜን ጠይቃልኛለች።

ኅዳር 8

ዕቃው ገባ። እንዳልኩት የምችለውን እኔው ተሸከምኩ። የግድግዳውን አንድ ጥቁር ድንጋይ ይዤ መጥቻለሁ፤ ልጄ አባዬ ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው ብትለኝ ለበለሱ አልኳት፤ አሁንም ያልበሰለ ነገር የሚያሳዝነኝ መስሏት አቀፈችኝ።

ደረጃ የለውም ያለችው ሐሰት ነው። መግቢያው ላይ አንድ አለ። ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ ለካሁት። አሥራ ሰባት፣ ከዳር እስከ ዳር አሥራ ሰባት። የሠራው ሰው ያወቀበት ነው።

ባለቤቴ ሁለቱንም እጇን በዕቃ ሞልታ፣ ግድግዳ ሳትይዝ ወጣችው። በሩ ላይ ሆና ዞራ አየችኝ።

"ለክተህ ጨረስክ?" አለችኝ። "ግባ በል።"